«አቋርጠዋል» አትበሉ

ከጥቂት ወራት በፊት፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ፣ ስለ አእምሮ ጤና በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። መምህር ነኝ፤ «ከየትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ይላክ» ስለ ተባለ ተላክሁ። አንድ የጤና ኃላፊ መዝገባቸውን ገልጠው የዓመቱን ሥራ አነበቡልን፤ ይህን ያህል ታካሚ መጣ፣ ይህን ያህሉ ተሻለው፣ ይህን ያህሉ ደግሞ «አቋረጠ»። እዚህ ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው፣ እኔ የቀሩ ተማሪዎችን ስም ስጠራ የሚወጣኝን ድምፅ ይመስል ነበር፤ ጥፋቱ የቀሪው ነው የሚል ድምፅ። እጄን አወጣሁና፣ «ካቋረጡት መካከል ባለሙያው ስላልተስማማቸው የሄዱ ይኖሩ ይሆን?» ስል ጠየቅሁ። ኃላፊው ፈገግ አሉ። «መምህር፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ባለሙያ ይዘን ስለ ማማረጥ አናወራም። ማማረጥ የአዲስ አበባ ነገር ነው፤ እዚህ የተገኘውን ተመስገን ማለት ነው» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እያፈርሁም ቢሆን ልናገር፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ያን ዕለት ያልሰጠሁትን መልስ እነሆ ዛሬ እሰጣለሁ።

በመጀመሪያ ነገር፣ ማማረጥ የአዲስ አበባ ነገር አይደለም። ከአምባ ጊዮርጊስ ደጋ አንሥቶ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ባለው አገር፣ ሰው ፈዋሹን ሲያማርጥ የኖረ ነው። ክንዱ የወለቀ ገበሬ የሚሄደው ደጁ ወዳለው ወጌሻ ሳይሆን እጁ ወደሚስማማው ወጌሻ ነው፤ ተራራ ቢያሻግረው እንኳ ይሻገራል። «የእገሌ እጅ ይስማማኛል» የሚለው አነጋገራችን ስለ ሙያ ብልጫ አይደለም የሚናገረው። ያኛውም ወጌሻ አዋቂ ሊሆን ይችላል፤ ብቻ እጁ ለእኔ አልሆነም። ነፍስ አባትም እንዲሁ ነው። የደብሬ ቄስ የጎረቤቴ አጎት ከሆኑ፣ ኃጢአቴን ይዤ ሁለት ደብር ተሻግሬ እሄዳለሁ፤ ይህን ያደረገ ሰው ከንስሐ ሸሸ የሚለው የለም። ደም በሽምግልና ሲደርቅ እንኳ የዚህም ወገን የዚያም ወገን የየራሱን ሽማግሌ ይጠራል፤ ባልመረጡት ሽማግሌ የወረደ እርቅ አይጸናም። ጸበልተኛውስ? አንዱ ጸበል ያልሆነው ሌላውን ይሞክራል፤ ያም ካልሆነ ሦስተኛውን። ስንቁን ቋጥሮ ከደብር ደብር ሲዞር የሚያየው ሁሉ «እግዜር ይማርህ» ይለዋል እንጂ «አቋራጭ» አይለውም።

እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ በዛር ቤቶች ያየውን ጽፏል። ዛርን ላወድስ አይደለም የማነሣው፤ ስንት ሴት ጥሪቷን ገብራበታለች። ነገር ግን ባለ ዛሯ ከሁሉ በፊት የምትደክመው በሽተኛውን የያዘውን መንፈስ ስም ለማወቅ ነው። ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚሻ ሌሊቱን ሙሉ ታናግረዋለች። መንፈሱ እንኳ ስሙና ፍላጎቱ በሚጠየቅበት አገር፣ ሰውዬው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ ቀጠሮ ተጽፎለት መሸኘቱ አይገርምም?

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። የምጽፈው ስለ እሷ ብዬ ነውና።

አክስቴ በዳባት ገጠር ትኖር ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከሊማሊሞ ማዶ ወደ እኛ ተሻገረ። የዚያ ነሐሴ መጨረሻ ለዳባት ወረዳ ምን እንደ ነበረ ለማያስታውስ ሰው፣ ጭና የምትባለውን ቀበሌ ስም መጥራት ይበቃል፤ ከነሐሴ 25 እስከ 29 የትግራይ ኃይሎች ቀበሌዋን ይዘው በቆዩባቸው ቀናት ሰላማዊ ሰዎችን ገድለዋል። አክስቴ የጭና ሰው አይደለችም። ግን በዚያው ሰሞን ከመንደሯ በሌሊት ወጥታ፣ ጋቢዋን ብቻ እንደ ለበሰች ደባርቅ እኛ ቤት ደረሰች። በመንገድ ያየችውን አልነገረችንም፤ እኛም ያኔ አልጠየቅናትም፤ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር።

ወራት አለፉና አገሩ ጋብ ሲል እንቅልፍ እንቢ አላት። ሌሊት ሌሊት ተነሥታ የበሩን መቀርቀሪያ ትነካካለች፤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ታነጋለች። በገብስ ቆሎዋ ስሟ የሚጠራ ሴት ነበረች፤ አሁን ምጣዱን ጥዳ ትዘነጋዋለች፤ የእርር ሽታ ከእንቅልፋችን ይቀሰቅሰን ጀመር። «ምን ሆነሽ ነው?» ስንላት፣ «ምንም፤ ሐሳብ ነው» ትላለች።

ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድኋት። ያየን ባለሙያ ወጣት ነው፤ ትሑት፣ የተማረ፣ ሥራውን የሚወድ ልጅ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉበት ወረቀት ያነብላት ጀመር። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ለሥራ ያላት ፍላጎት ቀንሶ እንደ ሆነ፤ ቀንሶ ከሆነ ጥቂት ቀን ይሁን፣ ከግማሽ በላይ፣ ወይስ በየዕለቱ። አክስቴ ቀንን በሳምንት አትቆጥርም፤ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ ነው የምትቆጥረው። ግራ ተጋብታ ወደ እኔ አየች። እኔም መምህር አይደለሁ፣ አብራራሁላት። ዝም ስትል ደግሞ መለስሁላት፤ «እንቅልፍ የላትም፤ እህል አትቀምስም፤ ብቻዋን ታለቅሳለች» አልሁ። ወጣቱ ጻፈ። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «እርስዎ የሚጨምሩት አለ?» ብሎ ጠየቃት። «ምን እጨምራለሁ፤ ልጄ ተናግሮልኛል» አለች። ቀጠሮ ተሰጣት። አልተመለሰችም። ሁለት ጊዜ ለመንኋት፤ ሦስተኛው ላይ ተቆጣኋት፤ እንቢ አለች። መዝገቡ ላይ ከስሟ ትይዩ «አቋርጠዋል» ተብሎ ተጻፈ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ የጎረቤት ሕፃን ለማስከተብ ከእናቱ ጋር በሄደችበት ሌላ ስፍራ፣ አንዲት ነርስ አገኘች። እኔ አላገኘሁላትም፤ ራሷ ናት ያገኘቻት። ነርሷ የአእምሮ ሕክምና የተማረች፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ራሷም ከታች ከዛሪማ በኩል ተፈናቅላ የመጣች ሴት ናት። አክስቴን አግዳሚው ላይ አይታ አጠገቧ ተቀመጠች አሉ። «እታለም፣ ከሚካኤል እስከ መድኃኔ ዓለም ስንት ሌሊት ተኛሽ?» አለቻት። ልብ በሉ፤ ከ12 እስከ 27 ያው አሥራ አምስት ቀን ነው፤ ያው የወረቀቱ ጥያቄ ነው። አክስቴ በጣቷ ቆጥራ መለሰች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሸኝቻት ሄድሁ። እንደ ልማዴ አብሬ ልገባ ስል ነርሷ በሩ ላይ ቆመችና፣ «ወንድሜ፣ አንተ እደጅ ጠብቀን» አለችኝ። ከፋኝ። እኔ ነኝ ያስታመምኋት፣ ያበላኋት፣ ሌሊት የተነሣሁላት። አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተኮፍሼ ስቀመጥ ግን ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ፤ ያ ወጣት ባለሙያ ካጠፋው ይልቅ እኔ ያጠፋሁት ይበዛ ነበር። አክስቴ በዚያች ሌሊት የሆነውን ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ በእህቷ ልጅ ፊት የምትናገረው አልነበረም። ግድግዳው እኔ ነበርሁ።

ሁለቱ ባለሙያዎች የተማሩት ትምህርት ብዙም የሚራራቅ አይመስለኝም። ወጣቱ እንዲያውም በማዕርግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር፣ በአካሚና በታካሚ መካከል ያለው ቃል ኪዳን በሦስት ነገር ይቆማል ብሎ ጽፏል፤ ወዴት እንደሚሄዱ መስማማት፣ በምን መንገድ እንደሚሄዱ መስማማት፣ በመካከላቸውም የልብ መተማመን መኖር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ እጅግ ብዙ ጥናቶች፣ የምክር ሕክምናው ስልት የትኛውም ይሁን፣ ይህ ቃል ኪዳን የጠነከረለት ታካሚ ውጤቱም እንደሚሻል አሳይተዋል። ወጌሻው ዘንድ ለሚሄደው ገበሬ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለእኛ ለተማርነው ነው በእንግሊዝኛ ተጽፎ መምጣት ያስፈለገው።

«እሱ ለሀብታም አገር ነው» የሚለኝ ካለ ወደ ዚምባብዌ ይምጣ። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የአእምሮ ሐኪም፣ ሆስፒታል ድረስ ለመምጣት የአውቶቡስ ገንዘብ ያጣች አንዲት ታካሚው ሕይወቷን ባጠፋች ጊዜ፣ ሰውን ወደ ሆስፒታል መጥራቱን ትቶ ሆስፒታሉን ወደ ሰው ማውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ፣ ምባሬ በምትባለው የድሆች ሰፈር፣ አሥራ አራት አሮጊቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። አሮጊቶቹ ከመጽሐፍ በመጣ የበሽታ ስም አይጠቀሙም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፤ ሐሳብ ሲበዛ ማለት ነው። አክስቴ «ሐሳብ ነው» ያለችውን ልብ ይሏል። በ2016 የታተመው ጥናት፣ ከአሮጊቶቹ ጋር የተቀመጡት ታካሚዎች የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ይበልጥ እንደ ተሻላቸው አረጋግጧል። ዚምባብዌ ያኔ ሀብታም አልነበረችም፤ የአእምሮ ሐኪሞቿም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

እጥረቱን አልክድም። አማኑኤል ሆስፒታል ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ትምህርቱን የሚሻ ሐኪም ባሕር ይሻገር ነበር። በዚህ ላይ ጦርነቱ ሲታከል የደባርቅ አገር ስንት ባለሙያ ሊደርሰው እንደሚችል ማንም ይገምታል። ግና ከእጥረቱ የሚወጣው ድምዳሜ የኃላፊው ድምዳሜ አይደለም። አንድ ቁና ዘር ብቻ የቀረው ገበሬ ያገኘው መሬት ላይ አይበትነውም፤ አፈሩን አይቶ፣ ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚዘራው። ብዙ ያለው ነው የሚያባክን። አንድ ባለሙያ ያለው ወረዳ ያችኑ አንዲት ሰዓት ዝም ብላ በምትወጣ ሴት ላይ ቢያጠፋት፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ የሚከስረው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ በር አስቀድሜ ልዝጋ። «መስማማት» ስል «የወገን ሰው መፈለግ» ማለቴ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል፤ ዘመናችን እንዲያ አስለምዶናልና። ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴ ከጦርነቱ በኋላ ሥራዬን እስከ መተው የደረስሁበት ጊዜ ነበር፤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ነበር። በመጀመሪያ ያየኝ ሰው ያገሬ ልጅ ነው፤ አባቴንም ያውቃል። «የእገሌ ልጅ እኮ ነህ፤ አንተ እንዲህ ከሆንህ ሌላው ምን ሊሆን ነው?» አለኝ። ሊያበረታታኝ ነው። እኔ ግን ከዚያች ቃል በኋላ የአባቴን ስም ተሸክሜ ተቀመጥሁ እንጂ አንድም የረባ ነገር አልወጣኝም። ሁለተኛው ከጅማ የመጣ ሰው ነበር፤ ሃይማኖታችን ሌላ፣ ቅላጼያችን ሌላ፤ አገሬን በካርታ እንጂ በእግሩ አያውቃትም። «ሊማሊሞ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሊማሊሞን ለማያውቅ ሰው ሊማሊሞን ለማስረዳት ስል ገደሉን፣ ጠመዝማዛውን፣ ጉሙን፣ በዚያ መንገድ ሲወጡና ሲወርዱ ያየኋቸውን የጦር መኪኖች፣ ከመኪኖቹ በአንዱ ላይ የነበረውን የቀድሞ ተማሪዬን ተናገርሁ። ስለ ተማሪዬ ለመናገር አልመጣሁም ነበር።

ለአክስቴ የሆነላት ዛሪማን የምታውቅ ሴት ናት፤ ለእኔ የሆነልኝ ሊማሊሞን የማያውቅ ሰው ነው። ይልቁንም እንደ ደባርቅ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ካርድ ክፍሏ ያለችው የክርስትና እናትህ በሆነችበት፣ አማካሪህን እሑድ በእድር ድንኳን ሥር በምታገኝበት ስፍራ፣ ባዕድ ሰው ስንት ጊዜ ጸጋ ነው! ስለዚህ ማንም ከላይ ሆኖ «ለዚህ ይህ ይስማማዋል» ብሎ ሊመድብ አይችልም። የሚያውቀው የታመመው ነው።

ሕመም ሁሉ ግን አለመስማማት አይደለም፤ ይህንም ሳልናገር ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ወጌሻም የወለቀውን ሲመልስ ያስጮኻል። ከባለሙያው ስትወጣ ደክሞህ፣ አልቅሰህ፣ ተቆጥተህም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በመንገድህ ላይ «ያንን ሳልነግረው» እያልህ ለሚመጣው ቀጠሮ የምታዘጋጀው ቃል ካለ፣ ቆይ። በአንጻሩ በመንገድህ ላይ የምታዘጋጀው እሱን ደስ የሚያሰኘውን መልስ ከሆነ፣ ጎበዝ ታካሚ ለመምሰል የምትጥር ከሆነ፣ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሰህም ይኸው ከሆነ፣ «ይህ ነገር አልተስማማኝም» በለው። እውነተኛው ባለሙያ አይቀየምም፤ «ምኑ?» ብሎ ይጠይቅሃል፤ አንዳንድ ጊዜ ከዚያች ጥያቄ በኋላ እዚያው ሰው ዘንድ መስማማት ይመጣል። ምሥጢርህን ለሌላ ያወራ፣ ያሳፈረህ ወይም ሊነካሽ የፈለገ ግን ይህ ንግግርም አይገባው፤ ተነሥቶ መሄድ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ሰው መቀየርና ኪኒን መተው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሌላ አማካሪ እስኪያገኝ ብሎ መድኃኒቱን በገዛ ሥልጣኑ ቢተወው በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል።

ወደ ኃላፊው ልመለስ። «አንድ ባለሙያ ይዤ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ወንበሩን ከጠረጴዛው ማዶ ወደዚህ ማምጣት በጀት አይጠይቅም። እንደ እኔ ያለውን ተናጋሪ አስታማሚ እደጅ ማስቀመጥ በጀት አይጠይቅም። ከመጀመሪያው ቀጠሮ መጨረሻ ላይ «ዛሬ ልትነግሩኝ ፈልጋችሁ ያልነገራችሁኝ ነገር አለ ወይ? ከሌላ ሰው ጋር ብትነጋገሩ ይሻላችኋል ወይ?» ማለት ሁለት ደቂቃ ነው። ሴቷ ሴት ከፈለገች፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ አሠልጥኖ የሚያስቀምጣት አንዲት አዋላጅ ወይም ነርስ አይጠፋም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚመክረውም፣ አገራችንም በ2005 ዓ.ም. ባወጣችው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የተቀበለችው፣ ሙያውን ከስፔሻሊስት እጅ አውጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድን ነው። ባዕድ ሰው የሚፈልገውን ደግሞ ጎንደር ካለ ባለሙያ ጋር በስልክ ማገናኘት ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ውጊያ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንኳ ምን ያህል እንደሚረዝም ሁላችንም አይተናልና፣ ስልኩ የግድም ነው።

መዝገቡስ? ዳባት መቆጠር ያልለመደች ወረዳ አይደለችም። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎንደር የጤና ምሁራን በዚያ ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ገባና እንደ ወጣ ቤት ለቤት እየመዘገቡ ኖረዋል። ሰው ለምን እንደ ሞተ እንኳ ቤተ ሰቡን ቁጭ አድርጎ የሚጠይቅ አሠራር ባለበት አገር፣ ሰው ከአማካሪው ዘንድ ለምን እንደ ቀረ አለመጠየቅ ምን ይባላል? «አቋርጠዋል» ከሚለው አጠገብ አንዲት ጠባብ ዓምድ ትሰመርና «ስለ ምን?» ይጻፍባት። የምትሞላው ነገር ኃላፊውን ደስ ላታሰኝ ትችላለች።

የአክስቴ ስም ዛሬም በዚያ በመጀመሪያው መዝገብ ላይ እንዳለ ነው፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። እሷ ግን በየወሩ ነርሷ ዘንድ ትሄዳለች። ሌሊት ትተኛለች ማለት ባልችልም፣ ቆሎው ማረሩን ትቷል። በዚያች ሌሊት በመንገድ ላይ ምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም። በቀደም ሸኝቻት ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ብርድ ነበር፤ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ስትወጣ ጋቢዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና፣ «እደጅ ስለ ቆየህልኝ እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አለችኝ።